ከጅማ ወደ ሆለታና ቢሾፍቱ፦ ወደ መኮንንነት ትምህርት ቤት ስለ ማመልከት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና አቅራቢው ሲናገር ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦

በኢትዮጵያ የጦር መኮንን መሆን የሚፈልግ ወጣት የሚያመለክትበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ሆለታ አለ፣ ቢሾፍቱ አለ፣ ከተራ ወታደርነት ተነስቶ በማዕረግ ማደግም አለ። የጅማ፣ የአጋሮ፣ የሊሙ ገነት፣ የየቡ፣ የሸቤ ወይም የሰቃ ልጅ ማስታወቂያ ወጣ ሲባል በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ይህ ማስታወቂያ የትኛውን መንገድ ይመለከታል ብሎ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ብዙ ልጅ ግን የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። «መከላከያ እየመዘገበ ነው» የሚል ወሬ ይሰማል፤ የትምህርት ማስረጃውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ወረዳ ይሮጣል። ለምን እንደተመዘገበ በትክክል የሚገባው ዘግይቶ ይሆናል።

ታዲያ መንገዶቹ የትኞቹ ናቸው?

(አጭር ዝምታ)

የመጀመሪያው መሠረታዊ ውትድርና ነው። በዚህ የሚገባ ሰው ተራ ወታደር ሆኖ ይጀምራል። ከማሰልጠኛዎቹ አንዱ ለጅማ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ጦላይ የሚገኘው እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ፣ በቦቶር ጦላይ ወረዳ ነው። ከዚያ ውጭ ሁርሶና ብርሸለቆ በሰፊው የታወቁ ናቸው። መሠረታዊ ወታደር መኮንን አይደለም። ነገር ግን በአገልግሎቱና በትምህርቱ ብቁ ሆኖ ከተገኘ ወደ መኮንንነት ኮርስ የሚገባበት ዕድል አለ። ብዙ የኢትዮጵያ መኮንኖች የወጡት በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው የዕጩ መኮንንነት መንገድ ነው። ስሙ ከሆለታ ጋር የተያያዘ ነው። ዕጩ መኮንን ሥልጠናውን ሲጨርስ የሚያገኘው ማዕረግ ምክትል መቶ አለቃ ይባላል። ከሠራዊቱ ውስጥ ከሚመረጡት ሌላ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ወጣቶችም በማስታወቂያ የሚጠሩበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዋና መቀመጫው ቢሾፍቱ ሲሆን፣ በሥሩ እንደ ምሕንድስናና ጤና ሳይንስ ያሉ ኮሌጆች አሉት። ይህ በተለይ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን የሚመለከት ነው። በብሔራዊ ፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ እዚያ ገብቶ መሐንዲስ ወይም የጤና ባለሙያ ይሆናል፤ የሚሆነው ግን የሠራዊቱ ባለሙያ ነው።

አራተኛው አየር ኃይል ነው፤ እሱም ቢሾፍቱ። አብራሪዎችንና የአውሮፕላን ቴክኒሻኖችን ለብቻው በማስታወቂያ ይጠራል፤ መስፈርቱም ይጠብቃል። በ2011 ዓ.ም. እንደገና መቋቋም የጀመረው ባሕር ኃይልም የራሱን ሰው ይፈልጋል።

አንድ ጊዜ ይደገም፤ መሠረታዊ ውትድርና፣ ዕጩ መኮንንነት፣ መከላከያ ዩኒቨርሲቲ፣ አየር ኃይል። አራቱም «መከላከያ» ይባላሉ። የሚጠይቁት የትምህርት ደረጃ፣ የሚወስዱት ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ማዕረግ ግን ይለያያል።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አቅራቢ፦

ሆለታ ለምን ከሁሉም በላይ ስሙ ይነሳል? ታሪኩን ማወቅ ለአመልካች ይጠቅማል፤ በተለይ ለጅማ ልጅ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ የሆለታ ተማሪዎች ታሪክ የሚጠናቀቀው ከጅማ ብዙ በማይርቅ ወንዝ ዳር ነው።

የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቀድሞ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ግቢ ተቋቋመ። አስተማሪዎቹ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ፤ አዛዣቸው ሻምበል ቪኪንግ ታም ይባላል። ተማሪዎቹ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ፊደል የቆጠሩ፣ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ ልጆች ነበሩ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ጣሊያን እየመጣ ነው፣ አገሪቱ በዘመናዊ መንገድ የሠለጠነ መኮንን ያስፈልጋታል።

ጊዜ ግን አልተገኘም። ተማሪዎቹ ኮርሳቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነቀምት ሄዱ፤ እዚያም ጥቁር አንበሳ የሚባለውን የአርበኞች ማኅበር ከመሠረቱት መካከል ሆኑ። የማኅበሩ መሪ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ኮሎኔል በላይ ኃይለ አብም ከጦር አዛዦቹ አንዱ ነበሩ።

ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉት እነሱ ናቸው። በአውሮፕላኖቹ ከመጡት የጣሊያን መኮንኖች መካከል የአየር ኃይል ጄኔራል የነበረው ማሊዮኮ ይገኝበታል፤ እዚያው ተገደለ።

ከዚያ የንጉሠ ነገሥቱን እንደራሴ ልዑል ራስ እምሩን መሪያቸው አድርገው ከጎሬ ወደ ደቡብ ወረዱ። ጠላት ከየአቅጣጫው ዘጋባቸው። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ራስ እምሩ እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። ዛሬ ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው ይህን ወንዝ በድልድይ ይሻገረዋል፤ ብዙው ተሳፋሪ የሆለታ ልጆች ትግል እዚህ እንደተቋጨ አያውቅም። በዚያው ዓመት የካቲት 12 ቀን የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ ከተያዙት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ።

ይህ ሁሉ ለአመልካች ምን ይነግረዋል? የመኮንንነት ትምህርት ቤት ሲመሠረት የታሰበው አገር ስትወረር ፊት ለሚቆም ሰው ነው። የደንብ ልብሱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ሆለታ ከነፃነት በኋላ እንደገና ተከፍቶ መኮንኖችን ማፍራቱን ቀጠለ። ከጦርነቱ በፊት ከተማሩት አንዱ የነበሩት ሙሉጌታ ቡሊ በኋላ የክቡር ዘበኛ አዛዥና ሜጀር ጄኔራል ሆኑ፤ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከተገደሉት ባለሥልጣናት መካከል ናቸው። ሆለታ የሚገኘው የመከላከያ ቴክኒክ ኮሌጅ በስማቸው ተሰይሟል።

በ1950 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የሐረር ጦር አካዳሚ በሕንድ መኮንኖች እገዛ ተከፈተ። ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጎበዝ ተማሪዎችን እየመረጠ ሦስት ዓመት ያስተምር ነበር። ከጦር ትምህርቱ ጎን ሳይንስና ሥነ ጽሑፍም ይሰጥ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ከመግባት የማይተናነስ ክብር ነበረው። በሶማሊያ ወረራ ዘመን ሥራው ተቋረጠ። ከሐረር የተመረቁ መኮንኖች ግን ዛሬም ራሳቸውን በኮርስ ቁጥራቸው ያስተዋውቃሉ።

(ሙዚቃ፤ ይነሳና ይወርዳል)

አቅራቢ፦

አሁን ወደ ማመልከቻው።

ሕጉ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የሠራዊቱ አባላት ስብጥር የብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተተ እንዲሆን ያዛል። በዚያው አንቀጽ ሠራዊቱ ተግባሩን ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲያከናውን ተደንግጓል። ምልመላ በየክልሉ፣ በየዞኑና በየወረዳው የሚካሄድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ተዋጽኦ ነው። ስለዚህ የሊሙ ኮሳ ልጅ ለመመዝገብ አዲስ አበባ መሄድ ላያስፈልገው ይችላል፤ ማስታወቂያው ወረዳው ድረስ ይመጣል። የሠራዊቱን የውስጥ ጉዳይ የሚገዛው ደግሞ የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100/2011 ነው።

መሠረታዊዎቹ መመዘኛዎች ከዓመት ዓመት ብዙ አይለዋወጡም፤ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት የሞላው መሆን፣ በፈቃደኝነት መምጣት፣ ጤናማ መሆን፣ በወንጀል ያልተፈረደበት መሆን። የዕድሜ ጣሪያው፣ የፈተና ነጥቡ፣ ቁመቱና ክብደቱ ግን በየማስታወቂያው ይወሰናል። ያለፈው ዓመት ማስታወቂያ ለዘንድሮ አይሠራም። ይህ ነጥብ ይደገም፤ ያለፈው ዓመት ማስታወቂያ ለዘንድሮ አይሠራም።

ሴቶችስ? ማስታወቂያው ለሁለቱም ፆታ ነው። በአንዳንድ ቤት «ይህ የወንድ ሥራ ነው» ተብሎ ልጅቷ ሳትመዘገብ ትቀራለች። ሕጉ እንዲህ አይልም።

(አጭር ዝምታ)

አመልካቾች ብዙ የሚጉላሉት በወረቀት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በጅማ ዞን ብዙው ተማሪ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ ስሙ በትምህርት ቤቱ መዝገብ የሚሰፍረው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። በብሔራዊ ፈተና ካርዱ ላይ ስሙ በሌላ ሰው እጅ፣ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይገባል። በመታወቂያው ላይ በአማርኛም ይጻፋል። አንድ መሐመድ በሦስት ወረቀት ሦስት ዓይነት መሐመድ ይሆናል።

የአያት ስም ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በጅማ «አባ» ብሎ የሚጀምር ስም ብዙ ነው። የአያቱ ስም አባ መጫ የሆነ ልጅ፣ በአንዱ ወረቀት «አባመጫ» ተብሎ በአንድ ላይ ይጻፋል፤ በሌላው ለሁለት ይከፈላል፤ በሦስተኛው ቦታ ጠቦ «አባ» ብቻ ይቀራል። መዝጋቢው አጋሮ ተወልዶ ያደገ ከሆነ ይገባዋል። ማዕከል ላይ ወረቀቱን የሚያገላብጠው ሰው ግን ይህ ልጅና ያ ልጅ አንድ መሆናቸውን በምን ያውቃል?

የልደት ቀንም እንዲሁ። አንዱ ወረቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በጎርጎርዮሳውያን ከተጻፈ በመካከሉ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይታያል። የ19 ዓመቱ ልጅ በአንዱ ወረቀት ላይ የ12 ዓመት ሕፃን ይመስላል።

መፍትሔው ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የትምህርት ቤት መሸኛ፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፤ እነዚህ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይደረደሩና በላያቸው ያለው ስም ፊደል በፊደል ይነበብ። ልዩነት ካለ ትምህርት ቤቱ ወይም የወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ዘንድ ሄዶ ማስተካከል ይቻላል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች በተወለዱ ጊዜ ስላልተመዘገቡ፣ አሁን ለማመልከት የደረሱት ወጣቶች የልደት ወረቀታቸውን ራሳቸው ሄደው ማውጣት አለባቸው።

ጊዜውም ይታሰብ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ለቀማ ወቅት የጎማና የሊሙ ቤተሰብ በሙሉ ቡና ውስጥ ነው። ማስታወቂያው በዚያ ሰሞን ወጥቶ ምዝገባው በጥቂት ቀን ከተዘጋ፣ ጫካ ያለው ልጅ የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ከተማ ያለ አንድ ዘመድ ወይም የቀድሞ መምህር የወረዳውን ማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲያይለት አስቀድሞ ቢነግረው ጥሩ ነው።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አቅራቢ፦

ወረቀቱ ካለፈ የሚጠብቀው የጤና ምርመራ ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ ሳንባ፣ ልብ፣ ጥርስ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ሁሉ ይታያል። ያልታወቀ ችግር ያለበት ሰው እዚያ ደርሶ ከሚደነግጥ፣ ቀደም ብሎ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ወይም በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቢታይ ይሻላል። የሚታከም ነገር ከሆነ የመታከሚያ ጊዜ ያገኛል።

ከሁሉም ለየት የሚለው የቀለም ምርመራ ነው፤ በተለይ ለአየር ኃይል። ብዙ ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች የሞሉበት ክብ ሥዕል ይቀርባል፤ በነጠብጣቦቹ መካከል ቁጥር ተደብቋል። ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ዓይን ቁጥሩን አያየውም። ይህን ፈተና የሠራው ሺኖቡ ኢሺሃራ የሚባል የጃፓን ጦር ሠራዊት ሐኪም ነው፤ በ1917 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ታተመ። ከመነሻውም የተዘጋጀው ለወታደር ምልመላ ነበር።

ለቡና አገር ልጅ ግን ሌላ ፈተናም አለ። ጥሩ ቡና የሚለቀመው ቀይ ቀዩ ብቻ ተመርጦ ነው። ሁሌ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ቀላቅሎ ቅርጫት ውስጥ የሚከት፣ «ዓይንህ የት ነው?» እየተባለ የሚቆጡት ልጅ ምናልባት ሰነፍ አይደለም። ዓይኑ ሁለቱን ቀለም አይለይ ይሆናል። ይህ በውርስ የሚመጣ ነው፤ ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ይበዛል፤ መድኃኒትም የለውም። እንዲህ ያለ ልጅ አብራሪ መሆን ያስቸግረዋል። አስቀድሞ ካወቀ ግን የዓመታት ሕልሙን በአንድ ጠዋት ከማጣት ይድናል፤ ሌላውን መንገድ በጊዜ ይመለከታል።

ቀጥሎ የአካል ብቃት። ሩጫ፣ ፑሽ አፕ፣ ሲት አፕ፣ እንደ ማሰልጠኛው ሌላም ይኖራል። ቡና ሲሸከም ያደገ ወጣት ጀርባና ትከሻ አያንሰውም፤ የሚያንሰው ትንፋሽ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ይሳሳል፤ ሌሊቱ ይበርዳል። በሜዳ የሮጠ ልጅ ሆለታ ሲደርስ የሮጠ አይመስለውም።

ስለዚህ የት ይሠራ? ከጅማ ከተማ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው ዳገት ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ እየሮጡና እየተራመዱ፣ በኋላ ሳያቋርጡ እስከ ላይ። ሦስት ወር እንዲህ የሠራ ሰው እና በምዝገባው ሳምንት የጀመረ ሰው በፈተናው ቀን በግልጽ ይለያሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በጅማ ሳይነሳ ማለፍ አይቻልም፤ ጫት። ማስታወቂያዎቹ «ከሱስ ነፃ» ይላሉ። በአካባቢው ጫት የዕለት ተዕለት ኑሮ ስለሆነ፣ ብዙ ወጣት ራሱን ሱሰኛ ነው ብሎ አይቆጥርም። እሱ ባይቆጥርም፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ፣ የልብ ምት መፍጠኑ ምርመራ ላይ ይታያሉ። ማሰልጠኛ ውስጥ ደግሞ ቀኑ ገና ሳይነጋ ይጀምራል፤ ምርቃና የሚባል ነገር ቦታ የለውም። ለማመልከት ያሰበ ሰው ጫቱን መተው ያለበት ወራት አስቀድሞ ነው።

ቋንቋም አለ። የሠራዊቱ ትእዛዝና ሥልጠና በአማርኛ ነው፤ የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ደግሞ እንደ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ። በአፋን ኦሮሞ ያደገና አማርኛን ገበያ ላይ ብቻ የለመደ ልጅ ትእዛዝ ሲጮህበት ለመረዳት አይቸገርም፤ ሪፖርት ጽፎ ለማቅረብ ግን ይከብደዋል። በየቀኑ ጥቂት በአማርኛ ማንበብና አንድ ገጽ መጻፍ ይህን ያቀልለታል።

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል፣ ከዚያ ይጠፋል)

አቅራቢ፦

የመጨረሻው ፈተና ቃለ መጠይቅ ነው። ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው «ለምን?» የሚል ነው። ሥራ ስላጣሁ ማለት ነውር የለውም፤ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ይመጣል። ግን ብቻውን በቂ አይደለም። ወደ ማንኛውም የአገሪቱ ክፍል ለመሄድ ዝግጁ ነህ ወይ፣ ከቤተሰብ ረጅም ጊዜ ብትለይስ፣ ከራስህ በታች ያለ ሰው ሲሳሳት ምን ታደርጋለህ፤ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች አመልካቹ አስቦበት የመጣ መሆኑን ለመለየት የሚቀርቡ ናቸው።

በሌሎች አገሮችም ከውጤትና ከጤና ባሻገር የሚታይ ነገር አለ። በ1802 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተመሠረተው የአሜሪካው ዌስት ፖይንት፣ ውጤትና ጤና ብቻ አይበቃውም፤ አመልካቹን እንደ ደንቡ የምክር ቤት አባል ዕጩ አድርጎ ሊያቀርበው ይገባል። አሜሪካ ተወልደው ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆችም ዜጋ እስከሆኑ ድረስ የሚያልፉት በዚሁ ነው። ሕንድ ውስጥ ደግሞ የጽሑፍ ፈተናውን ያለፈ ወጣት አምስት ቀን ያህል በአንድ ቦታ ከሌሎች ጋር እየኖረ ይገመገማል። በቡድን ሆነው ገመድና እንጨት ተሰጥቷቸው መሰናክል እንዲሻገሩ ይደረጋል፤ ገምጋሚዎቹ ማን እንደተሻገረ ብቻ ሳይሆን ማን ማንን እንደረዳ ያያሉ።

አሁን በጣም ከባዱ ጉዳይ ይነሳ።

(አጭር ዝምታ)

የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ወይም የዕጩ መኮንን ሥልጠና ነፃ ነው። ምግብ፣ መኝታ፣ ልብስ ይሸፈናል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤተሰብ እንደ ነፃ የትምህርት ዕድል ያየዋል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሲመረቅ ወታደር ነው። የሚመደብበትን ቦታ አይመርጥም። በውል የገባውን የአገልግሎት ዘመን ሳይጨርስ ልተው ቢል በሕግ ይጠየቃል። የሚፈርመው ወረቀት ላይ ያለው ዓመት ስንት እንደሆነ ከመፈረሙ በፊት ማንበብና መጠየቅ አለበት። ይህ ሦስተኛ ጊዜ ቢደገምም አይበዛም፤ ከመፈረም በፊት ይነበብ።

ጦርነትም አለ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የጀመረውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው የሰሜኑ ጦርነት በመላ አገሪቱ ስንት ቤት ሐዘን እንዳስገባ የማያውቅ የለም። ለልጅ «ምንም አይደርስብህም» ማለት ውሸት ነው። መኮንን የሚሆን ልጅ ይህን አውቆ፣ ቤተሰቡም አውቆ መወሰን አለበት። በተለይ የመኮንን ኃላፊነት የራሱን ሕይወት ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ 30 ሰው ያህል ያለበት «የመቶ» የሚባል ክፍል በእጁ ይገባል።

ስለዚህ ውይይቱ ከምዝገባው በፊት ቤት ውስጥ ይደረግ። አባትና እናት በእርጅና ላይ ከሆኑ ቡናውን ማን ይለቅመዋል? ታናናሾቹን ማን ያስተምራል? ደብዳቤና ስልክ በሌለበት ወር እናት እንዴት ትሰነብታለች? ልጅ ተደብቆ ተመዝግቦ ማሰልጠኛ ከገባ በኋላ ደውሎ ሲናገር፣ ለቤተሰቡ የሚተርፈው ድንጋጤው ብቻ ነው። ቁጭ ብለው የተነጋገሩበት ውሳኔ ግን፣ ልጁ ቢከፋው እንኳ ወደ ቤት ደውሎ የሚያወራው ሰው ይተውለታል።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አቅራቢ፦

ደላላን በሚመለከት አጭር ቃል። ለምልመላ የሚከፈል ገንዘብ የለም። «ስምህን አስገባልሃለሁ፣ ጤና ምርመራውን አሳልፍሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው አታላይ ነው። ያለው አማራጭ የወረዳው አስተዳደር ወይም ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የምዝገባ ጣቢያ ብቻ ነው። የተጭበረበረ ሰርተፍኬት ይዞ መቅረብም ከምርጫ ከማስወጣት አልፎ በወንጀል ያስጠይቃል።

ያለፈ ሰው ምን ያደርጋል? የጥሪውን ቀንና ቦታ በጽሑፍ ይይዛል፤ የወረቀቶቹን ዋናውንም ኮፒውንም ለየብቻ ያስቀምጣል፤ አንድ ኮፒ ቤት ይተዋል። ለብርድ የሚሆን ልብስና እግሩ የለመደው ጫማ ይይዛል። አዲስ ጫማ አድርጎ ማሰልጠኛ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት እግሩ ውኃ ይቋጥራል።

ያላለፈስ? በምን ምክንያት እንደወደቀ ይጠይቅ። በወረቀት ከሆነ ያስተካክል፤ በሚታከም ሕመም ከሆነ ይታከም፤ በሩጫ ከሆነ ወደ ጅሬን ዳገት ይመለስ። ዕድሜው ካላለፈ በሚቀጥለው ጥሪ መመዝገብ ይችላል። የመኮንንነት ፍላጎቱ ከሥርዓትና ከሕግ ማስከበር ጋር የተያያዘ ከሆነም፣ ሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ምልመላ አለው፤ ማስታወቂያውም መስፈርቱም ከመከላከያው የተለየ ስለሆነ ለብቻው መከታተል ያስፈልጋል።

(የመውጫ ሙዚቃ)